ፍኖተ ሐሊብን በዲሽ፦ 1420 ሜጋኸርዝ ላይ ሃይድሮጅን አልወጣ አለ

ዲሽ_በጣሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። የሃይድሮጅንን የ21 ሴንቲሜትር መስመር፣ ማለትም የፍኖተ ሐሊብ ሃይድሮጅን ጋዝ በ1420.4 ሜጋኸርዝ የሚለቀውን የሬዲዮ ሞገድ፣ ለመያዝ የተገጠመ አንቴና አልሠራ ብሎኛል። ቦታው አዲስ አበባ ነው፤ ዝርዝሩ ይኸው።

ዲሹ የድሮ ሲ ባንድ፣ የሽቦ መረብ፣ ስፋቱ 1.8 ሜትር፣ የመሐሉ ጥልቀት 30 ሴንቲሜትር ነው። ኤልኤንቢው ወልቆ በቦታው የዱቄት ወተት ጣሳ ገብቷል። የጣሳው አፍ ስፋት 12.5 ሴንቲሜትር ነው። ውስጡ የቆመው የመዳብ ሽቦ 5.3 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ከጣሳው የተዘጋ ጫፍ የራቀውም 5.3 ነው፤ ሁለቱም የሞገዱ ሩብ ይሁኑ ተብሎ ነው። ከሽቦው 1 ሜትር አርጂ 58 ኬብል፣ ከዚያ የኑኤሌክ ሶበርድ ኤች1 ማጉያ፣ ከዚያ 10 ሜትር የዲሽ ኬብል፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ተቀባይ ዶንግል፣ አርቲኤል ኤስዲአር ቪ3። ጌይኑ (የዶንግሉ የማጉላት መጠን) እስከ ጥግ 49.6 ተከፍቷል።

ስፔክትረሙ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። ልክ መሐል ላይ፣ 1420.4 ላይ፣ ቀጭን ሹል አለ፤ ዲሹ ወደ የትም ቢዞር አይነቃነቅም። ሌላው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ፣ ዳርና ዳሩ የወረደ ሰፊ ጉብታ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የ8 ሰዓት ምልክት አንድ ላይ ቢደመርም ያው ነው።

ሹሉ ሃይድሮጅን ነው? ካልሆነ ስንት ሰዓት መደመር አለበት?

ሞገድ_ቆጣሪ

ሹሉ ሃይድሮጅን አይደለም። ጉብታውም አይደለም።

ሹሉ የተቀባዩ የራሱ ነው። አንድ ነጥብ ብቻ የሚይዝ፣ መሐል ፍሪኩዌንሲውን ስትቀይር አብሮህ የሚሄድ ነገር የዜሮ ቮልት መዛነፍ ነው፤ ቪ3 ላይ በጥሬው ብዙም አይታይም፣ ረጅም ድምር ግን ያወጣዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ መሐሉን ወደ 1420.9 ውሰደው። ሹሉ ከተከተለህ ያንተ ነው፣ 1420.4 ላይ ከቀረ ከውጭ የመጣ ነው። ሃይድሮጅን ደግሞ ቀጭን አይሆንም፤ ጋዙ በተለያየ ፍጥነት ስለሚሄድ መስመሩ በመቶዎች ኪሎኸርዝ ይሰፋል። ሰፊው ጉብታ ደግሞ የዶንግሉ ማጣሪያ ቅርጽ ነው፣ አንቴና ሳይሰካም ይወጣል።

ዋናው ጥፋት ጣሳው ላይ ነው። ክብ ጣሳ ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በታች ሞገድ አያሳልፍም። መቁረጫውን ለማግኘት 175.7ን በስፋቱ ሚሊሜትር አካፍል፤ መልሱ በጊጋኸርዝ ነው። ያንተ 125 ሚሊሜትር 1.406 ጊጋኸርዝ ይሰጣል። የምትፈልገው 1.4204 ነው፤ ከደጃፉ በአንድ ከመቶ ብቻ ከፍ ያለ። እዚያ ላይ በጣሳው ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመት 21 ሳይሆን ወደ 147 ሴንቲሜትር ተለጥጧል፤ ስለዚህ 5.3 ሴንቲሜትር ሩብ ሊሆን አይችልም። ለሽቦው ርዝመት የአየሩን ሞገድ ሩብ መውሰድህ ልክ ነው፤ ከተዘጋው ጫፍ ለሚኖረው ርቀት ግን የሚያገለግለው የጣሳው ውስጥ ሞገድ ነው። ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

ቆርቆሮ ሠሪ ጋ ሂድና 15.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ አሠራ። ለመደራረቢያ 1 ሴንቲሜትር ጨምረህ የላሜራው ወርድ 49.7፣ የቱቦው ርዝመት 27 ይሁን፤ አንዱ ጫፍ ይዘጋ፣ ስፌቱ ዳር እስከ ዳር ይበየድ። በዚህ ስፋት የውስጡ ሞገድ 35 ሴንቲሜትር ስለሚሆን ሽቦውን ከተዘጋው ጫፍ 8.7 ላይ ትከል። ሽቦውን 5.3 አድርገህ ጀምርና ሚሊሜትር በሚሊሜትር እየቆረጥክ እስከ 5 አካባቢ ሞክር። ከ16 ሴንቲሜትር በላይ አታስፋው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ ዓይነት ሞገድ ይገባና የዲሹ አቀባበል ይበላሻል።

የዲሹ ትኩረት (ሞገዱ የሚሰበሰብበት ነጥብ) ከመሐሉ 180 × 180 ÷ (16 × 30)፣ ማለትም 67.5 ሴንቲሜትር ላይ ነው። የጣሳው አፍ እዚያ ይምጣ፤ አንድ ሴንቲሜትር ቢያልፍ ችግር የለውም።

ያቺን 1 ሜትር አርጂ 58 ጣላት። ከማጉያው በፊት ስላለች በ1.4 ጊጋኸርዝ 0.7 ዴሲቤል ገደማ ትበላለች፣ ይህም ብቻውን 50 ኬልቪን ኖይዝ (በሙቀት የሚለካ የሬዲዮ ሹክሹክታ) ይጨምራል። ማጉያው ጣሳው ጀርባ ላይ በቀጥታ ይሰካ። ከማጉያው በኋላ ያለው የዲሽ ኬብል ግን 75 ኦም ቢሆንም፣ 2.5 ዴሲቤል ቢበላም አትጨነቅበት። ቪ3 ለማጉያው መብራት የሚልከው በሶፍትዌር ሲታዘዝ ብቻ መሆኑንም አትርሳ፤ ስታበራው የኖይዙ ከፍታ በግልጽ ካልዘለለ ማጉያው ሞቷል ወይም አልበራም።

ስሌት_ብቻ

ስለ ሰዓቱ ጥያቄ። ሰው ሁሉ "ምልክቱ ደካማ ነው፣ ጊዜ ጨምር" ይላል፤ እዚህ ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ይናገራል። የመለኪያው መዋዠቅ የሥርዓቱ ሙቀት (ጠቅላላ ኖይዙ) ለባንድዊድዝና ለሴኮንድ ብዜት ካሬ ሥር ሲካፈል ነው። 200 ኬልቪን፣ 10 ኪሎኸርዝ እና 1 ሴኮንድ ስታስገባ 2 ኬልቪን ይወጣል። 300 ሴኮንድ ላይ 0.12 ኬልቪን። ከፍኖተ ሐሊብ ወለል (ጋዙና ከዋክብቱ ከተዘረጉበት ጠፍጣፋ ክፍል) የሚመጣው ሃይድሮጅን በዚህ ዲሽ በአሥሮች ኬልቪን የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ጤነኛ አንቴና በሴኮንዶች ውስጥ ሊያሳይህ ይገባል። አምስት ደቂቃ ላይ ያልታየ በስምንት ሰዓት አይታይም።

እንዲያውም ስምንቱ ሰዓት ይጎዳል። ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ይዞራል፣ የዲሽህ ዕይታ ስፋት 8 ዲግሪ ነው። ሌሊቱን ስትደምር 120 ዲግሪ ሰማይ አንድ ላይ ፈጭተሃል፤ የአንድ ሰዓቱ ሃይድሮጅን በሰባት ሰዓት ባዶ ሰማይ ተበርዟል። ከ5 ደቂቃ በላይ በአንድ ፋይል አትደምር።

ከኮዱ ደግሞ ይህን እይ፦ በ2.4 ሚሊዮን ናሙና በሴኮንድ፣ 1024 ነጥብ ኤፍኤፍቲ (ምልክቱን በፍሪኩዌንሲ የሚከፋፍለው ስሌት) አንዱን ነጥብ 2.34 ኪሎኸርዝ ያደርገዋል፣ ግማሽ ኪሎሜትር በሴኮንድ ነው፣ ይበቃል። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ኤፍኤፍቲ መጠን ካሬ አውጣ፣ ከዚያ አማክል። ኮምፕሌክስ ቁጥሩን እንዳለ ካማከልከው ፌዙ (የሞገዱ ማዕዘን) ዘፈቀደ ስለሆነ ሁሉም ይጠፋፋል፤ የሚተርፈው ያ መሐሉ ላይ የቆመው ሹል ብቻ ነው። ያንተ ሹል ጎልቶ ሌላው የጠፋው ምናልባት በዚህም ሊሆን ይችላል። ጥሬውን ፋይል ማስቀመጥም አያስፈልግም፣ በሴኮንድ 4.8 ሜጋባይት ነው፤ አምስት ደቂቃው 1.4 ጊጋባይት ይደርሳል።

ጌይን 49.6 ከ40 ዴሲቤል ማጉያ ጋር አይሄድም። የዶንግሉ መቁጠሪያ (ምልክቱን ወደ ቁጥር የሚቀይረው) 8 ቢት ነው፤ ከሞላ በኋላ 5 ከመቶ ጭማሪ አይታየውም። የናሙናዎቹን መደበኛ ልዩነት አስላ፤ ከ127ቱ ውስጥ ከ15 እስከ 25 ይሁን። ብዙውን ጊዜ ጌይኑ 20 እና 30 መካከል ሲሆን እዚያ ይደርሳል።

ጉብታውን ለማጥፋት በአንቴናው ፈንታ 50 ኦም መዝጊያ ማጉያው መግቢያ ላይ ሰክተህ አንድ መለኪያ ውሰድ፣ የሰማዩን በሱ አካፍል።

ሞገድ_ቆጣሪ

ከላይ ካለው ሁሉ በመዝጊያው ላይ ብቻ አልስማማም። መዝጊያው ለማጉያው ከጣሳው የተለየ ጭነት ነው፤ ስታካፍል ጉብታው ይጠፋና በምትኩ ዘቅዛቃ መስመር ይቀርሃል፣ ያ ዘቅዛቃ ደግሞ ከሃይድሮጅኑ ሊበልጥ ይችላል። ለዚያውም በየአምስት ደቂቃው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚፈታ የሚያስር ማን ነው?

ፍሪኩዌንሲ ማቀያየር ይሻላል። 60 ሴኮንድ መሐሉን 1420.9 ላይ፣ 60 ሴኮንድ 1419.9 ላይ አድርግ፣ አንዱን በሌላው አካፍል። የዶንግሉ ቅርጽ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ይጠፋል። ሃይድሮጅኑ በመጀመሪያው ከመሐል በስተግራ፣ በሁለተኛው በስተቀኝ ይወድቃል፤ ስለዚህ ውጤቱ ላይ በግራ የወጣ፣ በቀኝ ያንኑ ቅርጽ የያዘ የተገለበጠ ጉብታ ታያለህ፣ በመካከላቸው ልክ 1 ሜጋኸርዝ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ የሰማይ አይደለም። ሹሉም ከመስመሩ ግማሽ ሜጋኸርዝ ይርቅልሃል። ዩወንና ፐርሰል እ.ኤ.አ. በ1951 ሃርቫርድ ላይ መስመሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዙም በማቀያየር ነበር።

ስሌት_ብቻ

ለዚህ ሥራ ማቀያየሩ ይበልጣል፣ ተቀብያለሁ። መዝጊያው ለአንድ ነገር ብቻ ይቅር፦ ማጉያው በሕይወት መኖሩን ለማየት።

ሃይድሮጅን ከመፈለግ በፊት ግን የመሬትና የሰማይ ፈተና ይቅደም። ዲሹን ወደ መሬት ወይም ወደ ቅርብ ግድግዳ አዙረህ ጠቅላላ ኃይሉን መዝግብ፣ ከዚያ ወደ ባዶ ሰማይ። መሬቱ 290 ኬልቪን፣ ሰማዩ 10 ገደማ ነው። ልዩነቱ 5 ዴሲቤል ከሆነ ተቀባይህ 120 ኬልቪን ነው፣ በጣም ጥሩ። 4 ከሆነ 175፣ ይሠራል። 3 ከሆነ 270፣ ያስኬዳል። ከ1 በታች ከሆነ ጣሳው አይሰማም ወይም መቁጠሪያው ሞልቷል፤ ሰማይ ላይ ጊዜ አታጥፋ።

ከአናት_በላይ

ወዴት ማዞር እንዳለብህ ማንም አልነገረህም፤ ያለዚያ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ለዚያውም በዱቄት ወተት ጣሳ።

አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። የፍኖተ ሐሊብ ወለል ዴክሊኔሽን 9 (የሰማይ ኬክሮስ፣ እዚያ አናታችን ላይ የሚውለው) ላይ ሁለት ጊዜ ያልፋል፦ በከዋክብት ሰዓት (በፀሐይ ሳይሆን በከዋክብት ዙረት የሚቆጠር ሰዓት) 19፡10 ላይ፣ ጋላክሲያዊ ኬንትሮሱ (በወለሉ ላይ ከጋላክሲው መሐል አቅጣጫ የሚቆጠር ማዕዘን) 43 ሆኖ፤ እና በ6፡35 ላይ፣ ኬንትሮስ 203። የመጀመሪያው ወደ ውስጥ ስለሚያይ ጠንካራና ሰፊ ነው፣ ሁለተኛው ወደ ውጭ ስለሆነ ቀጠን ይላል። ስለዚህ ማዞሪያ ሞተር አያስፈልግህም። ዲሹን ከምሰሶው አውርደህ ጠፍጣፋ ጣሪያ ወይም ግቢ ውስጥ በሦስት ጉልቻ ላይ አስቀምጠውና በውኃ ልክ ቀጥ ወደ ላይ እንዲያይ አድርገው፤ ሰማዩ ራሱ ይመጣልሃል። መረብ መሆኑ ደግሞ በጀህ፤ ዝናብ አያቁርም፣ ቀዳዳው ከ2 ሴንቲሜትር ካነሰም ለ21 ሴንቲሜትር ሞገድ እንደ ድፍን ነው። ደመናም ዝናብም በዚህ ፍሪኩዌንሲ ከምንም አይቆጠሩም፤ እንጦጦ ላይ ላሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚዘጋው ክረምት ላንተ አይዘጋም።

ሰዓቱ፦ ኬንትሮስ 43 ሐምሌ 5 አካባቢ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ፣ ጥቅምት 5 አካባቢ ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አናትህ ላይ ነው። በየቀኑ 4 ደቂቃ ይቀድማል። ሶፍትዌሩ የሚጠይቅህ ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ መሆኑን ልብ በል፤ የእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ማለት በዩቲሲ 21፡00 ነው፣ ቀኑም ገና አልተለወጠም። አንድ ሰዓት ቀድመህ ጀምር፣ አንድ ሰዓት አሳልፈህ አቁም፤ ጉብታው ሲነሣና ሲወርድ በተከታታይ ፋይሎች ላይ ማየት አለብህ።

ዲሽ_በጣሪያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አዲሱ ቱቦ 15.5፣ ማጉያው ጀርባው ላይ፣ ጌይን 25.4። መሬትና ሰማይ 3.9 ዴሲቤል። ጥቅምት 5 በ12 ሰዓት፣ በማቀያየር፣ ጉብታውና የተገለበጠው መንትያው ሁለቱም ወጡ። ጉብታው ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ በኩል 1420.03 ድረስ ይሄዳል። ይህ ቁጥር ወደ ፍጥነት እንዴት ይለወጣል?

ስሌት_ብቻ

እንኳን ደስ ያለህ። 1 ኪሎሜትር በሴኮንድ 4.74 ኪሎኸርዝ ነው። የመስመሩ ቤት 1420.406 ነው፤ ልዩነቱ 376 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም 79 ኪሎሜትር በሴኮንድ እየራቀ። ከዚህ ውስጥ የኛን እንቅስቃሴ አውጣ፦ በዚያ ቀን ምድር ከዚያ አቅጣጫ በ26 ትርቃለች፣ ፀሐይ ደግሞ ከአካባቢዋ ከዋክብት አንጻር በ18 ወደዚያው ትቀርባለች። ስለዚህ 79 − 26 + 18 = 71። ለሌላ ቀን አስትሮፓይ የተባለው የፓይተን የሥነ ፈለክ ሶፍትዌር ያሰላልሃል፤ ይህን ማረሚያ የዘለለ ሰው በሚያዝያና በጥቅምት መካከል 50 ኪሎሜትር በሴኮንድ የሚዘል ጋላክሲ ያገኛል።

ይህ ከፍተኛው ፍጥነት የሚመጣው የዕይታ መስመርህ ለጋላክሲው መሐል በጣም ከሚቀርብበት ነጥብ ነው። የፀሐይን ዙረት 220 ኪሎሜትር በሴኮንድ፣ ከጋላክሲው መሐል ያላትን ርቀት 8.5 ኪሎፓርሴክ (የጋላክሲ ርቀት መለኪያ) ብለህ፦ ርቀቱ 8.5 × ሳይን 43 = 5.8 ኪሎፓርሴክ። የዚያ ጋዝ ዙረት 71 + 220 × 0.682 = 221። ክብደቱ ሁሉ መሐል ላይ ቢሆን ኖሮ እዚያ 266 መሆን ነበረበት። ያንተ ከፀሐይ ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ ክብደቱ ሁሉ መሐል ላይ አይደለም።

ለዚህ ቁጥር ቢያንስ 10 ስሕተት ስጠው፤ ጋዙ በራሱ ይናወጣል፣ የ8 ዲግሪ ዕይታህም ከ39 እስከ 47 ያለውን ኬንትሮስ ይቀላቅላል።

ከአናት_በላይ

ሌሎች ነጥቦች ከፈለግህ ከጉልቻዎቹ አንዱን ከፍ አድርግ። ዲሹ ከአናት 12 ዲግሪ ወደ ደቡብ ሲያዘነብል ኬንትሮስ 30 በከዋክብት ሰዓት 18፡46 ያልፍበታል፤ 15 ዲግሪ ወደ ሰሜን ሲያዘነብል ኬንትሮስ 60 በ19፡44። የማዘንበያውን ልክ በስልክ መለካት ይበቃል፣ አንድ ዲግሪ ብትስት ዕይታህ 8 ነው።