መጨረሻ ያጣው ቴአትራችን

ደሴ ነን፤ 9 ወጣቶች። በአፋር አቋርጠው፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ ሊገቡ ወጥተው ድምፃቸው ስለጠፋ ልጆች የ40 ደቂቃ ቴአትር እየሠራን ነው። መድረኩ ላይ ያለን ጀበና፣ ምንጣፍና የማይጠራ ስልክ ብቻ ነው። እናትየዋ ከአቦል እስከ በረካ ሁሌም አንድ ሲኒ አስተርፋ ትቀዳለች። ይቺን ትዕይንት እኔ ስለጻፍኳት መሰለኝ በጣም እወዳታለሁ።

ያቃተን መጨረሻው ነው። መጀመሪያ ልጁን መለስነው። ውሸት ሆነብን። ቀጥሎ መርዶ አመጣን። ባለፈው ቅዳሜ ልምምዱን ለሰፈር ሰው ስናሳይ፣ ልጃቸው የጠፋባቸው አንዲት እናት ከመሃል ተነሡና «ሳታዩ ለምን ትገድሉታላችሁ?» አሉን። እዚያው አቆምን። ስልኩ ጠርቶ መብራት ይጥፋ ያለም አለ፤ እሱ ደግሞ «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» የሚል ነው የሚመስለው።

ከሚያዩን ብዙዎቹ ልጃቸውን ያልቀበሩ፣ እርማቸውንም ያላወጡ፣ ይመጣል ብለውም ደፍረው የማይናገሩ ናቸው። ቴአትር የሠራችሁ፣ ወይም ቤታችሁ እንዲህ የሚጠበቅ ሰው ያለ፦ ተስፋም ሳንሸጥ፣ መርዶም ሳንናገር፣ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ እናትየዋ ምን ታድርግ?