የዛገ ቦይለር ይበየዳል ወይስ አዲስ ልግዛ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የክረምቱን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቁርጥማት ያለባት እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ ልላት አልችልም።

ያለኝ ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። 1,500 ዋት ነው፣ ከተገጠመ 9 ዓመቱ። ከሁለት ወር በፊት ባበራሁት ቁጥር ብሬከሩ መውረድ ጀመረ። ባለሙያ ጠርቼ ውስጡ ያለውን ማሞቂያ ብረት በ3,800 ብር አስቀየርኩ። አሮጌው ሲወጣ ኖራ የመሰለ ወፍራም ነጭ ቅርፊት ለብሶ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግም ተበልቶ አልቆ ሽቦው ብቻ ቀርቷል፤ ባለሙያው ግን «ችግር የለውም» ብሎ እሱኑ መልሶ ገጠመው። ያኔ ዝም ማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሦስት ሳምንት በደንብ ሠራ። አሁን ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል፣ የሚወርደውም ውሃ ቡናማ ነው። ጎማውን ቀየርኩ፣ ብሎኖቹን አጠበቅኩ፣ ያው ነው። ለጊዜው አጥፍቼው ውሃ በከሰል እያሞቅን ነው።

አንድ ሌላ ባለሙያ ጋኑን በ5,000 ብር በይጄ እሰጥሃለሁ ይላል። አዲስ ደግሞ እዚህ 24,000 ብር ተብያለሁ፣ መግጠሚያው ሳይጨመር። እጄ ላይ ያለው 11,000 ብር ብቻ ነው።

እንዲህ ከውስጥ የዛገ ጋን አስበይዳችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ስንት ጊዜ ቆየላችሁ፣ 5,000ውን ላውጣ ወይስ ተበድሬም ቢሆን አዲሱን ልግዛ?