የሮታ ክትባት ግማሹን ብቻ የሚከላከል ከሆነ ያዋጣል?

ምሕረት፦
ጤና ይስጥልኝ። ለወረዳ ዕቅድ የሮታ (ሕፃናትን ተቅማጥ የሚያስይዝ ቫይረስ) ክትባትን ወጪና ጥቅም እያሰላሁ ነው። አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ በተደረገው ሙከራ ክትባቱ ከባድ የሮታ ተቅማጥን ደቡብ አፍሪካ ላይ 77 በመቶ፣ ማላዊ ላይ 49 በመቶ ነው የተከላከለው። እንዲህ ከሆነ ገንዘቡን ለንጹሕ ውኃና ለኦ አር ኤስ (ተቅማጥ ያስወጣውን ፈሳሽ የሚተካ ዱቄት) ማዋል አይሻልም? የዶዙንስ ዋጋ ስንት ብዬ ልያዝ? 0.20 ዶላር የሚል አይቻለሁ።

ዳዊት፦
እህት ምሕረት፣ በመቶኛው ብቻ አይፍረዱ። በዚያው ሙከራ ከ100 የተከተቡ ሕፃናት በዓመት ማላዊ ላይ 6.7፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ 4.2 ከባድ ሕመም ቀርቷል። ማላዊ ላይ በሽታው ራሱ ስለሚበዛ፣ ደከም ያለው ክትባት የበለጠ ሕፃን አዳነ። ሲመነዘር፣ አንድ ከባድ ሕመም ለማስቀረት ማላዊ 15፣ ደቡብ አፍሪካ 24 ሕፃናት መከተብ አለባቸው። በእኛ የሁለት ዶዝ መርሐ ግብር 30 እና 48 ዶዝ ማለት ነው። ዶዙን በ2 ዶላር ቢይዙት 60 እና 96 ዶላር ይመጣል፤ ከዚህ ላይ ሕመሙ በመቅረቱ የማይወጣውን የሕክምና ወጪ ይቀንሱ።

0.20 ዶላሩ በጋቪ (አገሮች ክትባት እንዲገዙ የሚደግፍ ዓለም አቀፍ ድርጅት) ድጋፍ አገር የሚያዋጣው ድርሻ እንጂ የክትባቱ ዋጋ አይደለም። አንዱን ሂሳብ በመንግሥት ድርሻ፣ ሌላውን በሙሉ ዋጋ ለየብቻ ይሥሩ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ድጋፉ ሲቀንስ በጀቱ ይናጋል።

ሰብለ፦
የማድረሻውን ወጪም አያግንኑት። ኢትዮጵያ ሮታን በ2006 ዓ.ም. ስትጀምር በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ከፔንታ (አምስት በሽታ ከሚከላከለው ክትባት) ጋር አጣምራ ነው፤ እናትየዋ ለሮታ ብላ ለብቻ አትመላለስም። የሚጨምረው የፍሪጅ ቦታ ነው። ሮታሪክስ የሚባለው የሮታ ክትባት ለእያንዳንዱ ሕፃን የራሱ 1.5 ሚሊ ሊትር ስላለው ተከፍቶ የሚደፋ ትርፍ የለም፤ ግን ቦታ ይበላል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ከሠራ ይጣላል። ብዙ ጊዜ ክትባቱ የሚበላሸው አይስፓኩ (የበረደ ውኃ የያዘው ጥቅል) ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ካሪየር (የክትባት መያዣ ሳጥን) ውስጥ ሲደረደር ነው። ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ብክነት ያላስገባ ሂሳብ ከእውነቱ በላይ ያምራል።

ዳዊት፦
አንድ ልጨምር። ብዙ ሰው 49 በመቶውን በተቅማጥ ሁሉ ላይ ያባዛል፤ ትልቅ ስሕተት ነው። ሮታ ክትባት ሌሎቹን የተቅማጥ መንስኤዎች፣ ሺጌላ የተባለውን ባክቴሪያም ኮሌራንም፣ አይነካም። በቅደም ተከተል ያባዙ፦ መጀመሪያ ከባድ ተቅማጥ፣ ከዚያ የሮታ ድርሻው፣ ከዚያ 49 በመቶው፣ በመጨረሻ የሁለተኛው ዶዝ ሽፋን፤ የመጀመሪያው ዶዝ ሽፋን አይደለም።

ውኃና ክትባትን ግን አያፎካክሩ። ሮታ በጥቂት ቫይረስ የሚተላለፍ ስለሆነ ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት የቧንቧ ውኃ ባልተጓደለበት አገርም ሕፃናትን ሲያስተኛ ኖሯል። ኦ አር ኤስና ዚንክ ደግሞ ክትባቱ ላልተከላከለላቸው ግማሾች ናቸውና ከበጀቱ አይውጡ፤ ዚንኩ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ ለ10 ቀን ተብሎ ይያዝ።