ከገርጂ ቦሌ በስኩተር፦ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የገርጂው፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ቤቴ ገርጂ ነው፣ ሥራዬ ቦሌ። መንገዱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ከቤት ወጥቼ ቢሮ የምገባው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መጀመሪያ ለመገናኛ እሰለፋለሁ። መገናኛ ስደርስ ደግሞ ሌላ ሰልፍ ይጠብቀኛል። ማታ ዝናብ ከጣለማ አይነሳ፤ ያን ጊዜ ራይድ እጠራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከቻይና የመጣች፣ ቁጭ ተብላ የምትነዳ የኤሌክትሪክ ስኩተር አየሁ። ሻጩ 85 ሺህ ብር አለኝ። «አንዴ ቻርጅ ካደረግካት 50 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ይላል። ዕቁብ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል። ባለቤቴ ደስ አላላትም። እኔ ግን ሒሳቡን ሠርቻለሁ። ታክሲ በቀን 80 ብር ነው፤ በ22 የሥራ ቀን 1,760 ብር። ራይድ በሳምንት ሁለቴ በ250 ብር፤ በወር 2,000 ብር። ድምሩ 3,760። 85 ሺውን ለዚህ ሳካፍለው 23 ወር ገደማ ይመጣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዋጋዋን ትመልሳለች ማለት ነው። የዘለልኩት ነገር ካለ ንገሩኝ።

የባሕር ዳሩ ልጅ፦
ግዛ ወንድሜ! እኛ ጋ ሰው ከጥንትም በብስክሌት ነው የሚሄደው። ከተማው ሜዳ ነው። ስኩተር የገዙ ጓደኞቼ ዘንድሮ ለታክሲ አልተሰለፉም። መብራቱም የራሳችን ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። መንግሥትም በጥር 2016 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ነገሩ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው።

የሽሮ ሜዳዋ፦
ባሕር ዳር ሌላ፣ አዲስ አበባ ሌላ። እኔ ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ነው የምወጣው። የወንድሜን ስኩተር አንድ ቀን ወስጄ ዳገቱ መሐል ላይ ፍጥነቷ እየቀነሰ እየቀነሰ መጥቶ ጭራሽ ቀጥ አለች። ወርጄ ገፋኋት። ሞተሯ ከመጋሉ የተነሳ እጅ አያስነካም ነበር። ገርጂና ቦሌ እንደኛ ሰፈር ባይሆንም ሻጩ ያለህ 50 ኪሎ ሜትር ቀጥ ባለ ሜዳ፣ በአዲስ ባትሪ፣ ቀጭን ሰው ተቀምጦባት መሆኑን አትርሳ።

ደግሞ ሒሳብህ ላይ አንድ ነገር አለ። ራይድ የምትጠራው ዝናብ ሲጥል ነው ብለሃል። ዝናብ ሲጥል ስኩተሯን ትነዳለህ? አትነዳም። እሷን ቢሮ ትተህ ያንኑ ራይድ ትጠራለህ። ስለዚህ 2,000ውን ከሒሳቡ አውጣው። 85 ሺህ ለ1,760 ሲካፈል 48 ወር ነው። አራት ዓመት። ሁለት ዓመት አይደለም።

የገርጂው፦
እውነትሽን ነው። ይሄን አላሰብኩትም።

ነርሷ፦
እኔ ከገዛሁ ስምንት ወሬ ነው። በብር ብቻ ስታሰሉት አንድ ነገር እየቀረ ስለሆነ ልናገር።

የማታ ተረኛ ነኝ። ከሥራ የምወጣው አንዳንዴ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ለሴት ልጅ ምን እንደሆነ የቆመች ታውቀዋለች። ቦርሳዬ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። አንድ ቀን አንድ ሰው ከኋላዬ እየተከተለ እስከ ሰፈሬ መጣ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ተበድሬ ገዛሁ። አሁን ከሥራ በር ተነስቼ እቤቴ በር ላይ እወርዳለሁ። 14 ደቂቃ ነው። ልጄ ሳትተኛ እደርስላታለሁ።

የገርጂው ወንድሜ፣ አንተ በአንድ ጉዞ 75 ደቂቃ ነው የምትፈጀው። በስኩተር 20 ደቂቃ ቢፈጅብህ በቀን 110 ደቂቃ ታተርፋለህ። በ22 ቀን ከ40 ሰዓት በላይ ነው። የአንድ ሙሉ ሳምንት ሥራ ማለት ነው፣ በየወሩ። ይሄን በስንት ብር ልታስበው ነው? ለእኔ አዋጥቶኛል። ብሩ ባይመለስም አዋጥቶኛል።

ባትሪ ሠሪው፦
ልጆች፣ እኔ ባትሪ ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው። መጀመሪያ የመኪና ነበር፤ አሁን ግማሹ ሥራዬ የስኩተር ሆኗል። ሰው ቀለሟን ያያል፣ መብራቷን ያያል፣ ወንበሯን ተጭኖ ይሞክራል። ወንበሩን አንስቶ ባትሪውን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እናንተ የምትገዙት ግን ባትሪ ነው። ቀሪው ብረትና ፕላስቲክ ነው።

በ85 ሺህ የምትሸጥ ከሆነች ውስጧ ያለው ሊድ አሲድ፣ እንደ መኪና ባትሪ ያለው ከባዱ ዓይነት፣ ሳይሆን አይቀርም። አራት ጥቁር ባትሪዎች ተያይዘው ታገኛለህ። እያንዳንዱ 12 ቮልት፣ ሲደመሩ 48። 20 አምፒር ሰዓት ከሆነ 48 በ20 ሲባዛ 960 ዋት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለች ስኩተር በአንድ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዋት ሰዓት ትበላለች። ስለዚህ አዲስ ሆና እስከ ጠብታዋ ብትጨርሰው ከ32 እስከ 38 ኪሎ ሜትር ነው። 50 የሚባለው ከየት እንደመጣ እኔ አላውቅም።

ሊድ አሲድ ደግሞ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አይወድም። ባዶውን ካሳደርከው ውስጡ ነጭ ነገር ይሠራበታል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ከአራቱ አንዱ ሲደክም ሦስቱን ይዞ ይወርዳል። እኔ ጋ የሚመጣው ሁሉ «ትናንት ደህና ነበረች» ይላል። ትናንት ደህና አልነበረችም፤ አንዱ ባትሪ ከወር በፊት ሞቷል። በደንብ ከያዝከው ዓመት ከመንፈቅ ታገለግልሃለች። ካልያዝከው ስድስት ወርም አትቆይም። ዛሬ አራቱን ለመቀየር ወደ 22 ሺህ ብር ይጠይቁሃል። አንዴ ብቻ ብትቀይር እንኳ ያንን ደምረህ 107 ሺውን ለ1,760 አካፍለው። አምስት ዓመት ይሆናል።

ሊቲየም፣ እንደ ስልክ ባትሪ ያለው፣ ይሻላል። ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ዕድሜው ብዙ እጥፍ ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሲገዙትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቻርጀር ላይ ነው። 48 ቮልት የተባለ የሊቲየም ባትሪ ውስጡ 13 ረድፍ ሴል በተከታታይ የተያያዘበት ከሆነ የሚሞላው እስከ 54.6 ቮልት ነው። የ48 ቮልት ሊድ አሲድ ቻርጀር ግን ወደ 59 ቮልት ይገፋል። መሰኪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል። ባትሪው ግን ይነፋል፣ ይቃጠላልም። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ያበጠ ባትሪ በፌስታል ይዞልኝ መጣ። የጎረቤቱን ቻርጀር ነበር የተዋሰው። ግቢ አውጥቼ አሸዋ ላይ አስቀመጥኩት እንጂ ቤት አላስገባሁትም። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። መነጽር ከሌላችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳድጋችሁ አንብቡ።

የገርጂው፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ባትሪዋን አውጥቶ ማስገባት ይቻላል?

ባትሪ ሠሪው፦
አራቱ ሊድ አሲድ አንድ ላይ 27 ኪሎ ገደማ ነው። ባታወጣው ይሻላል። ታች ቆጣሪ ያለበት ቦታ አግኝ። ከደረጃው ሥር ግን አታድርጋት፤ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት በዚያ ነው። ሊቲየም ከሆነ ባትሪውን በእጅህ አንጠልጥለህ ትወጣለህ። እሱንም ተኝተህ ቻርጅ አታድርገው።

የእማማ ልጅ፦
እናንተ ስለ ባትሪ ታወራላችሁ፣ እኔ ግን ስለ እግር ነው የምናገረው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ሚያዝያ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በእግረኛ መንገድ ላይ አንዱ በስኩተር ገጫት። ስኩተር ድምፅ የላትም እኮ። ከኋላ ስትመጣ አትሰማም። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር። ዳሌዋ ተሰበረ። ልጁ ደንግጦ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ። ታርጋ የለው፣ ስም የለው። መኪና ቢሆን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ አለ። እኛ ግን ማንን እንጠይቅ? ይኸው እስከ ዛሬ በከዘራ ነው የምትሄደው።

የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ሞተር ሳይክል ሲከለክል ብዙ ሰው ተናዶ ነበር። እኔም ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ታርጋ፣ ኢንሹራንስና ቦታ ሳይለይለት ማንም ስኩተር ባይነዳ እመርጣለሁ።

ነርሷ፦
እማማን እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ዳሌ የተሰበረ አረጋዊ ምን እንደሚያይ በየቀኑ አያለሁ። የሸሸው ልጅ ጥፋተኛ ነው። እኔ በእግረኛ መንገድ ላይ ነድቼ አላውቅም፤ መውጣት ካለብኝ ወርጄ እገፋታለሁ። ግን ባለጌ ነጂ ስላለ እኔ ወደዚያ ሰልፍ ልመለስ?

የእማማ ልጅ፦
አንቺን አይደለም የምለው። ግን ከአንቺ ኋላ የሚመጣውን ማን ይይዘዋል?

ባለ ሚኒባሱ፦
በ2011 ሞተር ነበረኝ። ዕቃ አደርስበት ነበር። ከሰኔ 30 ጀምሮ ያለ ፈቃድ አትነዳም ተባለ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነው ተባለ። እኔ ወንጀል አልሠራሁም፤ ሞተሬ ግን ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሳ ከርማ በመጨረሻ በግማሽ ዋጋ ሸጥኳት። ስለዚህ ለገርጂው ምክሬ፦ ብሩን ከመቁጠርህ በፊት ሰፈርህ ያለው የትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ «ይህቺኛዋ መንጃ ፈቃድና ታርጋ ትጠይቃለች ወይ?» ብለህ ሰው ፊት ቆመህ ጠይቅ። ሻጩ የሚልህን አትመን። እሱ ከሸጠ በኋላ የለም።

አሁን ሚኒባስ ነው የምነዳው። ፌርማታ ላይ ቀኙን ይዤ ስቆም ስኩተሮች በእኔና በጠርዙ መሐል ይገባሉ። ወያላው በሩን ሊከፍት ነው። መስታወቴ ውስጥ አይታዩም። መብራታቸው እንደ ሻማ ነው። ከገዛህ አንጸባራቂ ሰደርያ ልበስ። በቀኜ አትግባ። ለእግዚአብሔር ብለህ።

ከቴል አቪቭ፦
እዚህ እስራኤል የእኛ ልጆች ግማሾቹ በዚህ ነው ሥራ የሚሄዱት። ሕጉ ከ16 ዓመት በታች አይፈቅድም፤ ፍጥነት ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት አያልፍም፤ የራስ ቁር ግዴታ ነው፤ በእግረኛ መንገድ መንዳት ክልክል ነው። የሚጥሱ ሞልተዋል፤ ቢሆንም ፖሊሱ ሲይዝህ ምን ብሎ እንደሚቀጣህ ያውቃል። ስኩተርን ጨርሶ መከልከል ሳይሆን እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ነው አገር ቤት የሚያስፈልገው።

የሽሮ ሜዳዋ፦
ስለ ክረምት ማንም አላነሳም። የእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ሲረጥብ ሳሙና ነው። የስኩተር ጎማ ትንሽ ስለሆነች በድንጋዮቹ መሐል ትዘፈቃለች። ብሎኖቹም ከመንቀጥቀጡ ብዛት ይላላሉ። ወንድሜ በየሁለት ሳምንቱ ያጠብቃቸዋል። ደግሞ «ውኃ አይነካትም» ሲሉህ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቃቸው። አይፒኤክስ4 የሚል ከተጻፈባት የሚረጭ ውኃ ትችላለች ማለት ነው። ጎርፍ ውስጥ ግባባት ማለት አይደለም።

የገርጂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

እሁድ ጠዋት መንገዱን በእግሬ ሄድኩት። 58 ደቂቃ ፈጀብኝ። በታክሲ ከሚፈጅብኝ ያነሰ ነው። ይሄን ዓመት ሙሉ አለማወቄ ቆጨኝ። ከሰፈሬ እስከ ዋናው መንገድ ኮብልስቶን ነው። ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መስመር አለ፤ እሱ ላይ ስኩተር ብትሄድ ማንንም አትነካም። ችግሩ እዚያ እስክደርስ ያለው ነው። ሁለት ቦታ ላይ ወይ ከእግረኛው ጋር ወይ ከሚኒባሱ ጋር መጋፋት አለብኝ። ሁለቱንም ቦታ ቆሜ አየኋቸው። አንደኛው ጋ እንደ እማማ ያሉ ሴቶች ቆሎ ይሸጣሉ። እዚያ ወርጄ እገፋታለሁ እንጂ አልነዳም።

ሰኞ ሻጩ ጋ ሄድኩና ወንበሯን አንሳልኝ አልኩት። አራት ጥቁር ባትሪ፣ ልክ ጋሼ እንዳሉት። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ታርጋውን ስጠይቀው «እሱ ችግር የለውም» አለኝ። ወረቀት አሳየኝ ስለው ዝም አለ። ስለዚህ ይህቺን አልገዛም። ትራንስፖርት ቢሮ ለማክሰኞ ቀጥረውኛል፤ እነሱ የሚሉኝን ሰምቼ ባትሪዋ የሚወጣ ሊቲየም እፈልጋለሁ። ለእሱ ዕቁቡ አይበቃም። ባለቤቴን አማክሬያት ሌላ አራት ወር እንቆጥባለን ብለናል። ብሩን እንደማትመልስ አሁን ገብቶኛል። የምገዛት ለ40 ሰዓቱ ነው። ልጆቼን ማታ ሳይተኙ ላያቸው ነው።

እስከዚያ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። ነርሷ እህቴ፣ ቅዳሜ የማትሠሪ ከሆነ ያንቺን አንድ ዙር ብታስሞክሪኝ? ዳገት ላይ እንዴት እንደምትሆን በራሴ ክብደት ማየት እፈልጋለሁ። ጋሼም ከተመቻቸው ይምጡ። ቡናው በእኔ ነው።