በጉም ጊዜ የሚበራው የኋላ ቀይ መብራት መቼ ይበራ፣ መቼ ይጥፋ?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሥራ ምክንያት ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ። ቀደም ሲል የነበረችኝ ቪትዝ ለጃፓን ገበያ የተሠራች በመሆኗ ከኋላ የጉም መብራት አልነበራትም፤ አሁን የገዛኋት ያገለገለች ያሪስ ግን ከአውሮፓ የመጣች ስለሆነች አላት፤ ስለ አጠቃቀሙም የነገረኝ ሰው የለም።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ቲሊሊን እንዳለፍኩ መንገዱን ጉም ዋጠው። በመብራት ዘንጉ ላይ ያለውን ቀለበት አዙሬ የፊቱንም የኋላውንም ፎግ ላይት አበራሁና እየተንፏቀቅሁ እንጅባራ ገባሁ። አዲስ ቅዳም ስደርስ ጉሙ ተገፍፎ በምትኩ ዝናብ ይጥል ነበር፤ መብራቱን ግን ረሳሁት። ዳንግላ ሻይ ልጠጣ ስቆም ከኋላዬ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር ወርዶ፣ «ወንድሜ፣ ፍሬን ስትይዝና ሳትይዝ መለየት አቅቶኝ፣ ዓይኔን እያሸሁ ነው እዚህ የደረስኩት» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄው ተለያየን፤ ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ መብራት በትክክል መቼ መብራትና መጥፋት እንዳለበት ነው። በተጨማሪም የሚበራው የግራው ብቻ ነው፤ አንድ ጋራዥ «የቀኙ አምፖል ተቃጥሏል» ብሎ ሊቀይርልኝ ፈልጎ ነበር፤ እውነት ነው? ወንድሜም የሚነዳው አይሱዙ ቅጥቅጥ ከኋላ የጉም መብራት ስለሌለው ማስገጠም ይቻል እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ (ባሕር ዳር)

ከግራው ልጀምር። አምፖል አልተቃጠለብዎትም፤ ገንዘብዎን ይያዙ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ከኋላ አንድ ወይም ሁለት የጉም መብራት ይፈቅዳል፤ አንድ ብቻ ከሆነ እንደ እኛ በቀኝ በሚነዳበት አገር በግራ በኩል መሆን አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመኪናው ግራ ወደ መንገዱ መሐል የሚቀርበው ጎን ስለሆነ፣ ከኋላ የሚመጣው ሰው መኪናዎ እስከ የት ድረስ መንገዱን እንደያዘ ያውቃል። አንዱ ብቻ የሚደረገው ደግሞ ሁለት እኩል የደመቁ ቀይ መብራቶች ከፍሬን መብራት ጋር በቀላሉ ስለሚምታቱ ነው። በብዙ መኪኖች በተቃራኒው ጎን በዚያው ቦታ ላይ የሚገኘው የኋላ ማርሽ መብራት ነው፤ ማርሹን ወደ ኋላ አስገብተው ሰው ከኋላ ቢያስቆሙ ነጭ ሲበራ ያዩታል።

የጭነት መኪናው ሹፌር ያማረረውም አለምክንያት አይደለም። የብርሃን መጠን በካንዴላ ይለካል። ማታ ማታ የሚበራው ተራው የኋላ ቀይ መብራት ዝቅተኛው መለኪያ 4 ካንዴላ ሲሆን፣ የኋላ ጉም መብራት ግን ከ150 እስከ 300 ካንዴላ እንዲሰጥ ነው የተደነገገው። ይህ ከብዙ መኪኖች የፍሬን መብራት ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ነው። ጉም ውስጥ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ብርሃኑን ስለሚበትኑት ያ ሁሉ ኃይል ያስፈልጋል፤ አየሩ ሲጠራ ግን ያው ብርሃን ሳይቀነስ የሰው ዓይን ላይ ያርፋል። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ይብሳል፤ እርጥቡ አስፋልትና ከኋላ ባለው መኪና መስታወት ላይ ያለው ውኃ ቀዩን ብርሃን ያንጸባርቁታል። ደንቡ በጉም መብራቱና በፍሬን መብራቱ መካከል ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቀት እንዲኖር የሚያስገድደውም ፍሬኑ እንዳይዋጥ ነው፤ ሆኖም በሩቁ ለሚያይ ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ምንም አይደለም።

የጉም መብራቱ እንደበራ የሚያውቁት በዳሽቦርዱ ላይ ነው። የፊቱ ምልክት አረንጓዴ ሆኖ ጨረሮቹ ወደ ግራ ያመለክታሉ፤ የኋላው ብርቱካናማ ሆኖ ጨረሮቹ ወደ ቀኝ ያመለክታሉ፤ ሁለቱም ላይ ጨረሮቹን የሚያቋርጥ የተጠማዘዘ መስመር አለ። ብርቱካናማውን ካዩ አንድ ነገር በርቷል፣ መጥፋትም አለበት ብለው ይያዙት። እንደ እርስዎ ባሉ መኪኖች ላይ ቀለበቱ ለኋላው ሲዞር ተመልሶ ወደ ቦታው ስለሚገባ፣ በእጅ በመዳሰስ ብቻ መብራቱን ማወቅ አይቻልም፤ የብዙ ሰው ስሕተትም ከዚህ ይጀምራል።

የመስመር ሹፌር

ይህን መንገድ ከዓባይ በረሃ እስከ ባሕር ዳር ለብዙ ዓመታት ስለተመላለስኩበት የጉሙን ጠባይ ልንገርህ፣ ወንድሜ። ጉሙ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። በረሃውን ጨርሰህ ወደ ደጀን ስትወጣ፣ በተለይ በክረምት ጧት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ገብተህበት ትወጣለህ። በእንጅባራ ዙሪያ ያለው ግን ለረጅም ሰዓት ይተኛል፤ በየመንገዱ ዳር ከሚከሰለው ዲከረንስ ከተባለው ዛፍ ጭስ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሰማይና መሬቱ ይጠፋሃል። ስለዚህ ደጀን ላይ መብራቱን አብርተህ ወዲያው ማጥፋት ነው፤ እንጅባራ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ይዘኸው ልትሄድ ትችላለህ።

አንድ ነገር ግን አስምርበት። በአዊ መንገድ ላይ ጋሪ አለ፣ ፈረሰኛ አለ፣ ገሳ ለብሶ ከብት የሚነዳ እረኛ አለ። እነዚህ መብራት የላቸውም። የኋላው ፎግ ላይትህ አንተን ከኋላ ከሚመጣው ያድንሃል እንጂ ፊት ለፊትህ ያለውን ጋሪ አያሳይህም፤ እሱን የሚያድነው ፍጥነትህን መቀነስህ ብቻ ነው። ረጅም መብራት ደግሞ አታብራ፤ ጉሙ ብርሃኑን ወደ ራስህ ዓይን ስለሚመልሰው ነጭ ግድግዳ እንጂ መንገድ አታይም። አጭሩን መብራት ከፊት ፎግ ላይት ጋር ተጠቀም።

ብዙ ሹፌር ጉም ሲመጣ አራቱን ፍሬቻ እያበራ ይነዳል። እኔ ይህን አልወደውም። አራቱ ፍሬቻ ሲበራ ወደየት እንደምትታጠፍ ማንም አያውቅም፤ ከኋላህ ያለው ደግሞ ቆመሃል ብሎ ሊገምት ይችላል። ቆመህ ከሆነ አብራው፤ እየሄድክ ከሆነ ግን ሥራው የኋላው ቀይ መብራት ነው። ሌላው የእኔ ልማድ፣ ከኋላዬ መኪና ተጠግቶ ሲመጣና የፊት መብራቱን በመስታወት ሳየው፣ አየኝ ማለት ስለሆነ የኋላ ፎግ ላይቴን አጠፋለታለሁ። ዓይኑን ካጠፋሁት ፍሬኔን የሚያየው በምኑ ነው?

የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ (ደብረ ማርቆስ)

ከላይ በተባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በመጨረሻው ሐሳብ ላይ ግን ለጀማሪ ሹፌር እጠነቀቃለሁ። ልምድ ያለው ሰው እያየ ማጥፋትና ማብራት ይችላል። ጀማሪ ግን ጉም ውስጥ ዓይኑን ወደ ዳሽቦርድ ባወረደ ቁጥር የሚከፍለው ዋጋ ይኖራል፤ ከኋላ የተጠጋው መኪና ወደ ኋላ ቢቀርና ሌላ ቢመጣ መልሶ ማብራቱን ይረሳል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ወፍራም ጉም ውስጥ እስካላችሁ ድረስ አብሩት፣ ስትወጡ አጥፉት ነው።

«ወፍራም» ማለት ምን ያህል ነው? መለኪያው 50 ሜትር ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት ከ20 ሜትር በላይ ሄዷል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም ደግሞ ሌላ ወደ 25 ሜትር ያስፈልገዋል። ሲደመር ከ50 ሜትር ጥቂት ይጎድላል። በሰዓት 80 ቢሄድ ግን ከ90 ሜትር በላይ ይፈልጋል፤ 50 ሜትር ብቻ እያየ 80 የሚነዳ ሰው ያላየው ነገር ውስጥ ነው የሚገባው።

ርቀቱን በዓይን መገመት ስለሚያስቸግር በቁጥር ይለኩት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ አንድ ዛፍ ወይም ምሰሶ ከጉሙ ብቅ ሲል መቁጠር ይጀምሩ፤ ጎኑ እስኪደርሱ ሦስት ሰከንድ ተኩል ከፈጀብዎት 50 ሜትር ነው። 40 ከሆነ ፍጥነትዎ አራት ሰከንድ ተኩል ይሆናል። ከዚህ ያነሰ ከሆነ የኋላውን መብራት ያብሩ፣ ፍጥነትም ይቀንሱ፤ ከዚህ በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ያጥፉት።

ጎጃሜ በጀርመን

ከቤት ርቄ ስለምኖር የእንጅባራን ጉም ከናፈቁት አንዱ ነኝ። የአሠልጣኙ 50 ሜትር እዚህ በሕግ የተጻፈ ነው። በጀርመን የኋላ ጉም መብራት የሚበራው በጉም ምክንያት እይታ ከ50 ሜትር ሲያንስ ብቻ ነው፤ ለዝናብ አይፈቀድም። በጉም፣ በበረዶ ወይም በዝናብ እይታ ከ50 ሜትር ካነሰ ደግሞ ፍጥነት በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። በመንገድ ዳር በየ50 ሜትሩ የሚተከሉ ነጫጭ ምሰሶዎች ስላሉ ሹፌሩ ከአንዱ ሆኖ ቀጣዩ ታየኝ ወይስ አልታየኝም ብሎ ይለካል። ብሪታንያ ውስጥ ወሰኑ ሰፋ ብሎ ወደ 100 ሜትር ነው፤ እይታ ሲሻሻል ማጥፋት ግን እዚያም ግዴታ ነው።

አንድ ሰው ያላነሳው ነገር አለ። አዳዲስ መኪኖች፣ አሁን በብዛት የሚገቡትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ጨምሮ፣ መብራታቸውን በራሳቸው የሚያበሩት ሲጨልም ነው። የቀን ጉም ግን ነጭ እንጂ ጨለማ ስላልሆነ መኪናው «ቀን ነው» ብሎ መብራቱን ሳያበራ ይቀራል። ሹፌሩ ከፊት የቀን መብራቱ በርቶ ስለሚያይ ሁሉም የበራ ይመስለዋል፤ ብዙ መኪኖች ላይ ግን ያኔ ከኋላ ምንም አይበራም። ስለዚህ ጉም ሲጀምር «አውቶ» ከሚለው አውጥቶ አጭሩን መብራት በእጅ ማብራት ያስፈልጋል።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ልጄን ከኋላ አቁሜ ሞከርኩ፤ በቀኝ በኩል ያለው በእርግጥም የኋላ ማርሽ መብራት ነው፤ ነጭ በራ። በፓርኪንግ መብራት ብቻ ቀለበቱን ሳዞር የኋላው ጉም መብራት አልበራም፤ አጭሩን መብራት ሳበራ ግን በራ። መኪናዋን አጥፍቼ መልሼ ስነሣም በራሱ አልበራም። ይህ ጤነኛ ነው ወይስ ብልሽት? የወንድሜ ቅጥቅጥ ነገርስ?

የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ (ባሕር ዳር)

ፍጹም ጤነኛ ነው። ከአጭር ወይም ከረጅም መብራት፣ አልያም ከፊት ፎግ ላይት ጋር ካልሆነ እንዳይበራ፣ መብራት ሲጠፋም አብሮ እንዲጠፋ ሆኖ ነው የሚሠራው። ሰው ረስቶት በማግስቱ በጠራ ሰማይ እንዳይነዳበት የታሰበ ነው። የእርስዎ የዳንግላ ችግር ግን በአንድ ጉዞ ውስጥ ስለሆነ መኪናው ሊያስታውስልዎ አይችልም።

የወንድምዎን ቅጥቅጥ በተመለከተ፣ ይቻላል፤ በትክክል ካልተሠራ ግን አለመሥራቱ ይሻላል። አይሱዙው 24 ቮልት ስለሆነ የቤት መኪና 12 ቮልት አምፖል እንዳይገዛ፤ ወዲያው ይቃጠላል። 24 ቮልት፣ 21 ዋት አምፖል የሚይዝ፣ ለጉም የተሠራ ቀይ መብራት ይፈልግ፤ የሚስበው ከአንድ አምፔር በታች ስለሆነ 5 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። በግራ በኩል፣ ከፍሬን መብራቱ ራቅ ብሎ፣ ከመሬት ከ25 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ከፍታ መካከል ይገጠም። ኤሌክትሪኩን ከአጭሩ መብራት መስመር በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) አድርጎ ያምጣው፤ ሹፌሩ ፊት ለፊት የራሱ ማብሪያና ብርቱካናማ ምልክት ይኑረው። አንዳንድ ባለሙያ ለመቅለል ብሎ ከተራው የኋላ መብራት ሽቦ ላይ ይቀጥለዋል፤ እንዲህ ከተደረገ ማታ ማታ ከባሕር ዳር እስከ ዓባይ በረሃ ሙሉውን ሌሊት በርቶ ይሄዳል። ከፍሬን መስመር ጋር መቀጠል ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

የመስመር ሹፌር

ቅጥቅጥ ከሆነ ጭቃውንም አይርሳ። በክረምት ከጭቃ መንገድ አስፋልት ላይ ስትወጣ የኋላ መብራቱ በሙሉ በጭቃ ተለስኖ ታገኘዋለህ፤ ያን ጊዜ 300 ካንዴላ ይሁን 4 ካንዴላ ልዩነት የለውም። ረዳቱ በየመናኸሪያው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው። ሌላም አለ፤ ከበረሃው ሙቀት ወደ ደጀን ብርድ ስትወጣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ ያላበው ላብ ጉም መስሎህ ፎግ ላይት እንዳታበራ። መጀመሪያ በእጅህ መስታወቱን ዳስሰው፤ እርጥብ ከሆነ አየር ማቀዝቀዣውን ወደ መስታወቱ ልቀቀው፣ ከሌለህም መስኮቱን ገርበብ አድርገው።