ክረምቱ ዘንቦም ጉድጓዳችን ለምን ይደርቃል? (ካዛንቺስ)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሕንፃችን ጥልቅ ጉድጓድ አለው፤ ጣሪያው 400 ካሬ ሜትር ነው። ክረምቱ በደንብ ዘንቦ እንኳ ግንቦት ላይ ፓምፑ አየር ይስባል። የአየር ንብረት ለውጥ ነው? የጣሪያውን ውሃ ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ብንለቀውስ?

የውሃ ባለሙያ፦
ቀጥታ እንዳትለቁት! የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ይወርዳል፤ ጎረቤት የሚቀዳውም ይበከላል።

አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። መጠኑ ባይቀንስም አወራረዱ ወሳኝ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ በኃይል ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ የዋለ ይሰርጋል፤ በግማሽ ሰዓት የወረደ 30 ሚሊ ሜትር ግን አፈሩ ሳይጠጣው በአስፋልቱ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ሙቀቱ በበጋ ትነቱን ስለሚያበዛም የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የደረቀውን አፈር ከማርጠብ አያልፉም። ጥልቁ ውሃ ደግሞ ከእንጦጦ በኩል በዓለት ስንጥቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ የአምናው ክረምት ዘንድሮ ላይታይ ይችላል።

የጉድጓድ ቴክኒሻን፦
በዝናቡ ከመፍረዳችሁ በፊት ለኩ። ፓምፑ ሌሊቱን አርፎ ሲያድር የውሃውን ጥልቀት በመለኪያ ገመድ መዝግቡ፤ ከዚያ ፓምፑ እየሠራ ውሃው ሲረጋ ድገሙት። በየዓመቱ ግንቦትና ጥቅምት ላይ ይሁን። ያረፈው ውሃ ከዓመት ዓመት እየራቀ ከሄደ፣ የሚቀዳው ከሚተካው በልጧል፤ በዙሪያው ያሉ ጉድጓዶችም ይጨመሩበታል። ያረፈው ባለበት ሆኖ በሥራ ላይ ያለው ብቻ ከወረደ ግን የጉድጓዱ ወንፊት ሳይደፈን አይቀርም፤ መታጠብ አለበት። ያለ ውሃ ሲዞር ፓምፑን የሚያጠፋ መከላከያ ዛሬውኑ አስገጥሙ፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በውሃው ነው።

ጠያቂ፦
እሺ፣ አመሰግናለሁ። የጣሪያውን ውሃስ የት እናድርገው?

የውሃ ባለሙያ፦
መጀመሪያ ሮቶ ውስጥ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣሪያችሁ ላይ 400 ሊትር ነው፤ 20 በመቶው ቢባክን ከ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 9,600 ሊትር ይቀራል። የመጀመሪያውን 400 ሊትር ቆሻሻ ስለሚይዝ አፍስሱት። የቀረው ለመጸዳጃ ቤትና ለጽዳት ይበቃል፤ ያን ያህል ከጉድጓድ አትቀዱም ማለት ነው።

ትርፉን ለማስረግ ከመሠረቱና ከሴፕቲክ ታንኩ የራቀ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ከታች ድንጋይ፣ መሃል ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ። አሸዋው በደለል ስለሚደፈን ሰኔ ሳይገባ የላይኛውን ንጣፍ ቀይሩ። መሬቱ ዋልካ ከሆነ በበጋ አትፈትኑት፤ ስንጥቁ ውሃውን ይውጥና ያታልላችኋል። ሐምሌ ላይ አፈሩ አብጦ ሲገጥም ሞክሩት፤ ያኔ ውሃው ከቆመ ማስረጉን ትታችሁ ሮቶ ጨምሩ።