ፕሮዛክና ፍሉኦክሲቲን አንድ ናቸው?

ጠያቂ፦ ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ለድባቴ ፍሉኦክሲቲን 20 ሚሊግራም ታዞልኝ፣ ውጭ ያለችው እህቴ ፕሮዛክ ስትልክልኝ ነበር። አለቀ። ቀበሌ 14 ካለ ፋርማሲ ሌላ ስም ያለው ሰጡኝ። ዋጋው በጣም ርካሽ ነው። የድሮው አረንጓዴና ክሬም ነበር፤ ይሄኛው ቀለሙም ሌላ። እውነት ለመናገር፣ ርካሽነቱ ነው ያስፈራኝ። ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

መልስ 1፦ ፋርማሲስት ነኝ። ፕሮዛክ የንግድ ስም ነው፤ ንጥረ ነገሩ ያው ፍሉኦክሲቲን ነው። የፕሮዛክ ፓተንት (ብቻውን የማምረት መብት) አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ስላለቀ ሌሎችም ያመርቱታል። የሚለየው ቀለሙና መሙያው ነው። አልፎ አልፎ ችግር አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያው አሜሪካ ቡፕሮፒዮን የሚባል ሌላ የድባቴ መድኃኒት አንድ የ300 ሚሊግራም ቅጂ ከዋናው እኩል አይደለም ተብሎ ከገበያ ወጥቷል። ያ ግን ሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ዓይነት ነበር። ብቻ በየወሩ ፋብሪካ አትቀያይሪ። ለውጥ ካየሽም ለሐኪምሽ ንገሪ።

መልስ 2፦ እኔም ሰርትራሊን (ይሄም የድባቴ መድኃኒት ነው) ስቀይር እንቅልፍ አጣሁ። መድኃኒቱን ስረግም ከረምኩ። ለካ ማታ ማታ ጣና ዳር የምጠጣው ቡና ነው!

ጠያቂ፦ ሃሃ፣ እኔም ሦስተኛውን አልተውም። መድኃኒቱን ግን ዛሬ ጠዋት ዋጥኩት።